የወንዙ ወያላ

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልናገር፤ አለዚያ የሚከተለው ሁሉ የእብድ ወሬ ይመስላል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ በሽተኞችን ከቤት ወደ ሕክምና፣ ከሕክምና ወደ ቤት የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። አምቡላንስ አይደለም፤ ሳይረንም የለውም። ከኋላው ዊልቸር የሚያነሳ ሊፍት አለው፤ ሊፍቱ ሲወጣም ሲወርድም ያቃስታል፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ከበሽተኞቹ በላይ ያቃስታል። ከዚህ በፊት፣ ወጣት ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ረዳት ነበርኩ። ረዳት የምለው ለራሴ ክብር ነው እንጂ ሰው የሚለን ወያላ ነው። ትምህርቱም አልሆነልኝም፣ ነጋዴም አልወጣኝም፤ አጥርቼ የማውቀው ሙያ ቢኖር የቦታ ስም በቅደም ተከተል፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በር ላይ ተንጠልጥዬ መጥራት ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሙያ የሚፈልግ ሰው ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለቤቴም አላሰበችም።

ተገኘ። ዉድበሪ በምትባል ጎረቤት ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ኩላሊታቸው ከሥራ ወጥቷል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ አጠገብ ወዳለ የዳያሊሲስ ክሊኒክ እወስዳቸዋለሁ፣ ደማቸው በማሽን ታጥቦ ሲያበቃ መልሼ ወደ ቤት። የተወለዱት አላስካ ነው፤ ከባሕር ርቆ፣ መሀል አገር፣ አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር። የሚናገሩት ቋንቋ አታባስካን ከሚባሉት የአላስካ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ያንን ቋንቋ አሟልተው የሚናገሩት በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእነሱም ግማሾቹ፣ አሮጊቷ እንደነገሩኝ፣ ተኳርፈዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እማማ አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ «እኛ አገር ትልቅ ሴት በስሟ አትጠራም» አልኳቸው። እኛም ጋ እንደዚያ ነው አሉና ደስ አላቸው።

የመጀመሪያው ጭቅጭቃችን የተነሳው በመንገድ ሰሌዳ ነው። እማማ መስኮት ዳር ሆነው ሰሌዳ ያነባሉ፤ ባነበቡ ቁጥርም ይናደዳሉ።

«ይሄ መንገድ በማን ስም ነው?»

«እንጃ እማማ። የሆነ ሰውዬ።»

«እዚህ ምን አደረገ?»

«ምንም ያደረገ አይመስለኝም።»

«ድልድዩስ?»

«እሱም ሌላ ሰውዬ ነው።»

«እሱስ ድልድዩ ላይ ምን አደረገ?»

«እንጃ፤ ሞቶ ይሆናል።»

እሳቸው ባደጉበት ቤት ቦታን በሰው ስም መጥራት ነውር ነው። መሬቱ ከሰውየው በፊት ነበረ፣ ከሰውየው በኋላም ይኖራል፤ ሰውየው ማን ስለሆነ ነው ስሙን የሚለጥፍበት? ቦታ የሚጠራው እዚያ በሚሆነው ነገር ነው። ውሃው ከበረዶው በላይ የሚፈስበት። ሰው ጀልባውን የሚሸከምበት። ስሙን የሰማ ሰው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቃል። እኔም በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም፤ እኛም ሰባራ ባቡር አለን፣ ዶሮ ማነቂያ አለን፣ እሪ በከንቱ አለን አልኳቸው፤ ትርጉሙንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሪ በከንቱ ላይ ስደርስ ሳቁና እዚያ ብወለድ ጥሩ ነበር አሉ። ራስ እገሌ ሰፈር፣ ደጃች እገሌ ሰፈር የምንላቸውን ግን አላነሳሁባቸውም።

አንድ ቀን ከዉድበሪ ወጥተን ዘጠና አራት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንሄድ ጎማው ፈነዳ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ የሚያነሳን መኪና እስኪመጣ ቁጭ አልን። እማማ ዙሪያውን በጥሞና አዩት። ሣር አለ፣ አጥር አለ፣ ትልቅ የፍራሽ ማስታወቂያ አለ። ከዚያ በቋንቋቸው አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። «ነጩ የተኛበት ማለት ነው» አሉኝ። ነጩ የተባለው የእኔ ቫን ነው። ከዚያ ወዲያ በቦታው ባለፍን ቁጥር ስሙን ይጠሩና በመስታወቱ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። የሚጠብቁት መልስ ነበር። በአባታቸው ቤት ደንብ፣ ጉዞ ላይ ትልቅ ሰው የቦታ ስም ሲጠራ ሰሚው መልሶ ይጠራዋል። ካልመለሰ አልሰማም ማለት ነው፤ ካልሰማ ደግሞ የሚቀጥለው ስም አይነገረውም።

መለስኩላቸው። እማማ ከዊልቸራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ነርሶቹም፣ የመኖሪያው ሠራተኞችም ሞክረውላቸው ያውቃሉ፤ እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ምላስ ግን ፈንድተው የሚወጡት ድምፆች ጋ ሲደርስ ይሸሻል። እኔን ምን ገዶኝ? ቀ አለኝ፣ ጠ አለኝ፣ ጨ አለኝ፣ ጸ አለኝ፤ ቅቅልና ጨጨብሳ እያልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። አንድ ድምፅ ብቻ፣ ምላስ ከላይ ተጣብቆ አየሩ በጉንጭ ጎን የሚወጣ፣ እስከ ዛሬ እምቢ ብሎኛል። እሱን በይቅርታ ያልፉኛል።

ቃሎቹን እዚህ አልጽፋቸውም። የቦታ ስም እየተጓዙ እንጂ ተቀምጠው አይሉትም ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ ይህን የምጽፈው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መንገዳችን በሙሉ ስም በስም ሆነ። አረንጓዴ መስመር የሚባለው ባቡር እኛን አስቁሞ የሚያልፍበት መስቀለኛ፣ «አረንጓዴው የሚንቅበት»። የክሊኒኩ የጓሮ በር፣ «ገርጥተው የሚወጡበት»። ዘጠና አራት ላይ የትራፊክ ፖሊስ አድፍጦ የሚጠብቅበት ድልድይ ሥር፣ «የሚሮጠው የሚያዝበት»። ይህ የመጨረሻው በጣም ጠቀመን። እኛ ሾፌሮች ስልካችን ላይ ግሩፕ አለን፤ መጻፍ ስለማንወድ በድምፅ ነው የምንነጋገረው። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር አለ፣ ትግርኛ የሚናገር አለ፣ እንደ እኔ ከአማርኛ ሌላ የማያውቅ አለ። የሁላችንም ችግር አንድ ነው፤ የቤት ቁጥርና ሰሜን ደቡብ የሚባል ነገር አይዋጥልንም፣ ከማደያው ወረድ ብሎ ቢጫው አጥር ጋ ካልተባለ አይገባንም። አንድ ጠዋት ፖሊሱን አየሁትና በችኮላ «ወንድሞች፣ ስሎው አድርጉ፣ ሰውዬው ከድልድዩ ሥር ቆሟል» ብዬ የትኛው ድልድይ እንደሆነ በእማማ ቋንቋ ነገርኳቸው። ድልድዩን በእንግሊዝኛ ከማስረዳት ይቀል ነበር። የተቀጣው ተቀጥቶ የት እንደሆነ ታወቀና በሳምንቱ ሁሉም እንደዚያ ይጠሩት ጀመር፤ ከዚያ ሌላ ስም ካለህ ጨምርልን አሉኝ።

የሚገርመው ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ትግርኛ መሰላቸው። ትግርኛ ተናጋሪዎቹ የሆነ የደቡብ ቋንቋ ነው ብለው ደመደሙ። ከደቡብ የመጣው አንዱ ሾፌር ደግሞ ጎንደሮች እንዲህ ይላሉ ብሎ አሰበ። የሰው ቋንቋ ስለሆነ ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅም ነገር ያመጣል ብለው ሁሉም በጨዋነት ዝም አሉ። ስለ ቋንቋ ተነስቶ በሰላም ያለቀ ወሬ በመካከላችን ብዙ ስላልነበረ፣ ዝምታው ብልህነት ነው።

ከሁሉም የባሰው ከጅማ በቅርቡ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ የማያንስ ሰው ነው። እሱ ስሞቹን እንግሊዝኛ ብሎ ያዛቸው። አንድ ቀን መንገድ ሲጠፋበት ማደያ ገብቶ የሚሮጠው የሚያዝበት በየት በኩል ነው ብሎ ሒሳብ የምትቀበለዋን ልጅ በአታባስካን ጠየቃት። ልጅቷ ሶማሌ ናት። ይቅርታ፣ አማርኛ አልችልም አለችው። ማታ ግሩፑ ላይ ገብቶ «እኔምለው፣ እዚህ አገር ያለ ሰው የገዛ ሰፈሩን ስም አያውቅም እንዴ?» ብሎ አማረረ።

ወሬው ጉዞ የሚመድብልን ዲስፓቸር ጆሮ ደረሰ። አሜሪካዊ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ስብሰባ ይወዳል። ሁላችንንም ሰበሰበና በኢትዮጵያ ቋንቋ ያወጣችኋቸው የቦታ ስሞች ሥራችንን እያፋጠኑ ነው፣ ለአዲስ ሾፌሮች ማሠልጠኛ ውስጥ ላስገባቸው እፈልጋለሁ፣ በየትኛው ቋንቋ ነው ብዬ ልጻፍ አለ። ሁሉም ጎን ለጎኑ ያለውን ሰው አየ። ጎን ለጎኑ ያለውም እሱን አየው። እኔ ተነስቼ ቋንቋው የማናችንም እንዳልሆነ፣ የዉድበሪዋ አሮጊት እንደሆነ ነገርኳቸው። የጅማው ሰውዬ ቀስ ብሎ «ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ምን ስናገር ነው የከረምኩት?» አለ።

ለእማማ ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ስንት ሾፌር ነው የሚያውቀው?» አሉኝ።

በግምት ነገርኳቸው። ቁጥሩ መንደራቸው ውስጥ ከቀሩት ተናጋሪዎች ይበልጣል።

«የሚያውቁት ግን የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው?»

«ፖሊስም ያውቃሉ» አልኳቸው።

ስለ ወንዙ የነገሩኝ የዚያን ዕለት ነው። ወንዛቸው ውሃው ከሚያበቃበት እስከሚመነጭበት ድረስ ስም አለው፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ፣ እያንዳንዱ ደሴት፣ እያንዳንዱ ገባር። አባታቸው በጀልባ ወደ ላይ እየወሰዱ ነው ያስያዟቸው። ካርታው ላይ ያለው ግን የወርቅ ፈላጊዎችና የአንድ መኮንን ስም ነው፤ መኮንኑ ወንዙን አይቶት እንደሚያውቅም ያጠራጥራል አሉ። ታናሽ እህታቸው በሕይወት ሳለች እሑድ እሑድ በስልክ ወንዙን ይጠራሩት ነበር፤ እማማ እዚህ ኮሪደሩ ላይ በዊልቸር እየሄዱ፣ እህትየው እዚያ በረዶ ላይ እየተራመደች፣ አንዷ ስትጠራ አንዷ ስትመልስ። እህታቸው ሞተች። ከዚያ ወዲህ ለወንዙ የሚመልስ ሰው የለም።

«ለልጄ ሳልሰጣት አልሞትም» አሉኝ። «ከሰጠኋት በኋላ ግን ማሽኑን አቆማለሁ። ደክሞኛል። ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ።»

ማሽኑ ከቆመ ብዙ እንደማይቆዩ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። በዚህ ሥራ እንዲህ የሚል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው ብሎት ይቀራል። እማማ ግን ብለው የሚቀሩ ሰው አይደሉም። ቀይ መብራት ጥሼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

ልጃቸው ኤደን ፕሬሪ በሚባል ከተማ አንድ ትልቅ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ቋንቋውን ትሰማለች፤ ተናግራው ግን አታውቅም። ያላስተማሯት እማማ ራሳቸው ናቸው። ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ውስጥ በቋንቋቸው ተናገሩ ተብለው ስለተገረፉ፣ የእኔ ልጅ በዚህ አትገረፍም ብለው በእንግሊዝኛ ብቻ አሳደጓት። አሁን የመንደራቸው ጽሕፈት ቤት የወንዙን ስሞች ካርታው ላይ ሊመልስ ስለፈለገ፣ የእማማን ድምፅ እንድትቀዳ መቅረጫ ልኮላታል። መቅረጫው ከመጣ ወራት አልፈዋል። አንድ ቀን ባትሪ የለውም። አንድ ቀን ቢሮ ረሳችው። አንድ ቀን መቅረጫውም አለ፣ ባትሪውም አለ፣ ውጭ ግን ነፋስ ስላለ ድምፁ ይበላሻል። እማማ ልጄ ሥራ ይበዛባታል ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ወንዙ ካለቀ እናቷ አለቁባት። ሴትየዋ እናቷን በባትሪ እየጠበቀች ነበር፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አንድም ባትሪ አልገዛም።

በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ቀን ቆረጡ። ከክሊኒክ መልሻቸው ስገባ ልጅቷ ሳሎኑ ውስጥ መቅረጫውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ኮቴን ሳላወልቅ በር ላይ ቆምኩ። እማማ ዊልቸራቸውን ወዲያ ወዲህ ለማንቀሳቀስ ሞከሩ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሶፋው ያግዳቸዋል። የመጀመሪያውን ስም ጠሩ።

«ኦኬ» አለች ልጅቷ።

እማማ ጠበቁ። ልጅቷ የመቅረጫውን መብራት አየች።

«ኦኬ እማዬ፣ ቀጥይ።»

እማማ አልቀጠሉም። «እኔ አልሄድኩም፣ አንቺም አልመለስሽም። ምኑን ልቀጥል?» አሏት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ ትንፋሿን ግን በረጅሙ ስትለቀው ሰማሁ፤ እፎይ ማለቷ ነው። እማማም ሰምተዋል። ዊልቸራቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

«አንተ መኪናም አለህ፣ አፍም አለህ» አሉኝ። «እሑድ ትወስደናለህ።»

ዲስፓቸሩን ቫኑን ለእሑድ ስጠኝ አልኩት። ሳቅ ብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጉዞ ሁሉ ምክንያት አለው፤ ዳያሊሲስ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የዓይን ምርመራ። ወንዝ የሚል የለም። ብዙ ፈለገና የንግግር ሕክምና ብሎ መዘገበው። መድረሻ ሲለኝ የወንዙ ምንጭ አልኩት። የወንዙን ምንጭ ዚፕ ኮድ ጠየቀኝ፤ እሱንም እኔ አላውቀውም፣ አሮጊቷም አያውቁትም አልኩት።

የእሳቸው ወንዝ ሩቅ ስለሆነ ሚሲሲፒን ልንዋሰው ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴዬን ትቼ፣ መሀል ሴንት ፖል ወንዙ ዳር ወርደን፣ ፊታችንን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዞርን። ዊልቸሩን ከእኔ ጀርባ አሰርኩት፤ ልጅቷ መቅረጫውን ይዛ ጎኔ ተቀመጠች። ገና ሳንነሳ እማማ አስቆሙኝ። ይህ ወንዝ የዚህ አገር ነባር ሕዝብ የዳኮታዎች ነው፣ የሰው ወንዝ ሳያስፈቅዱ አይጠሩበትም አሉ፤ መስኮት አስከፍተው በራሳቸው ቋንቋ ጥቂት ተናገሩ። ሚኒሶታ የሚለው ቃል ራሱ የዳኮታ እንደሆነ ያኔ ነው የሰማሁት። ስንት ዓመት ታርጋዬ ላይ ለጥፌው ስዞር።

እማማ የመጀመሪያውን ስም ጠሩ። እኔ ልጅቷን አፍሬ ቀስ ብዬ መለስኩ።

«አልሰማሁም» አሉ።

ጮክ አልኩ።

«ወንዙም አልሰማም።»

ከዚያ በኋላ አፌ የለመደውን ነገር በራሱ አገኘው። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ፣ አንገቴን ብቅ አደረግሁ፣ እንደ መገናኛ መገናኛ ሁለት ጊዜ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጌ ጠራሁት። ልጅቷ ደንግጣ መቅረጫውን ልትጥለው ነበር። እማማ አጨበጨቡ። «አባቴ እንደዚህ ነበር የሚጠራው» አሉ። ውሸታቸውን ይሁን እውነታቸውን አላውቅም፤ እኔን ግን ሞቅ አደረገኝ። ሚሲሲፒ በታጠፈ ቁጥር አንድ የአላስካ ስም እየጠሩ፣ እኔ እየመለስኩ ሸፐርድ ሮድን ጨረስነው። ብስክሌተኞች ዞር እያሉ ያዩናል። አንዱ የሚሰደብ መስሎት የእጁን ጣት አሳየኝ። በኋላ እንደሰማሁት በእማማ መንደር ትምህርት ቤት ልጆቹ የወንዛቸውን ስም የሚማሩት ከዚሁ ቅጂ ስለሆነ፣ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ እየጠሩ መጨረሻውን ይስቡታል አሉ።

ወንዝ ዳሩን ይዘን ትንሽ እንደሄድን መብራት ያዘኝ፤ አጠገባችን የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። ፌስታል ያንጠለጠሉ አንድ ያገራችን ሽማግሌ ቆመዋል። እኔ በዚያው ስም እየጠራሁ ነበር። ቋንቋው አይግባቸው እንጂ ዜማው ገብቷቸዋል፤ ቀጥ ብለው መጥተው የጎኑን በር ከፈቱት።

«ሚድዌይ ይሄዳል?»

«አባባ፣ ይሄ ታክሲ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ትጣራለህ?»

ሽማግሌው ገብተው ከእማማ ጎን ተቀመጡ፣ እጅ ነሷቸው፣ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እማማ ጠሩ፣ እኔ መለስኩ። ሁለተኛው ስም ላይ ሽማግሌውም አብረውኝ መለሱ፤ ሁሉም ሲል እሳቸው ምን ቆርጧቸው ዝም ይላሉ? ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጸሎት ነው?» አሉኝ። ወንዝ ነው አልኳቸው። ይሁን አሉ። ማርሻል አቬኑ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብለው አስቆሙኝና አመስግነው ወረዱ። እማማ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። የሚወርድ ሰው አለ ማለት ነው አልኳቸው። አሰቡበት። እዚህ ጋ ስሙ የጠፋብኝ አንድ መታጠፊያ ነበር፣ ይህ ይሁንለት አሉ። ልጅቷ ተቃወመች፣ ካርታ እኮ ነው አለች። «ሰው ወርዶበታል» አሏት እማማ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ እንደማለት። ስለዚህ አላስካ ውስጥ ወራጅ አለ የሚባል የወንዝ መታጠፊያ አለ።

ሳቁ እስከዚያ ድረስ ነበር። ወንዙን በድልድይ ተሻግረን ሚኒያፖሊስ ስንገባ ልጅቷ መቁነጥነጥ ጀመረች። መጀመሪያ ባትሪው እያለቀ ነው አለች፤ አየሁት፣ ሙሉ ነው። ቀጥሎ እማዬ ደክሟታል፣ ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን አለች። ከተማው መሀል ያለውን ፏፏቴ ስናልፍ ፊት ለፊት መንገዱ ተዘግቷል አለችኝ። አልተዘጋም፤ ዓይን አለኝ። ግን ምን አደረግሁ? አዎ፣ ተዘግቷል አልኩና ታጠፍኩ። አንድ መጋዘን ጓሮ ገባን፤ ወንዝ የለም፣ መታጠፊያ የለም፣ የሚጠራ ስም የለም። ልጅቷ በጎን አየችኝ። ከመጋዘኑ ጓሮ ለመውጣት ሆን ብዬ የማይወጣውን መንገድ መረጥኩ።

እማማ ከኋላ «አቁመው» አሉ። አቆምኩት።

«ሁለታችሁም የምታደርጉትን አውቃለሁ» አሉ። ቁጣ የለባቸውም። «ማሽኑ ላይ ተጋድሜ ስንት ጊዜ ወንዙን ብቻዬን እንደጠራሁት ታውቃላችሁ? ከታች እስከ ላይ። ነርሷ ታልፋለች፣ ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ የሚመልስልኝ የለም። እሱን ነው የምታረዝሙልኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ መሪውን ይዤ መሪውን አየሁ። እማማ የቀረን ጥቂት ነው፣ ወደ ወንዙ መልሰኝ አሉኝ። መለስኳቸው።

ከከተማው ሰሜን ወንዙ ሰፋ ይልና ዛፍ ይበዛበታል። ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ አሁን ግን ለማጓተት አልነበረም። እማማ ድምፃቸው ቀንሷል፤ ስም ይጠራሉ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ልጅቷ መቅረጫውን በሁለት እጇ ይዛለች። አንድ ገባር፣ አንድ ደሴት፣ ዓሣ የማይደርስበት ቀዝቃዛ ውሃ። ከዚያ እማማ ትንሽ አረፉና የመጨረሻው ነው አሉ። ሁለት ትናንሽ ውሃዎች ተገናኝተው ወንዙን የሚጀምሩበት ነው፤ እሳቸው የተወለዱት እዚያ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። ጠሩት።

አየር ስቤ አንገቴን በመስኮቱ ላወጣ ስል ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ። አጥብቃ ነው የያዘችኝ። መኪናው እየሄደ ነው። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ ደግሞ ከፈተችው። የመጀመሪያው ድምፅ ላይ ተሰናከለች። እንደገና ጀመረች፣ መሀሉ ላይ ቆመች፣ ምራቋን ዋጠች፣ ከመጀመሪያው ተነስታ እስከ መጨረሻው አለችው። ጥሩ አድርጋ አላለችውም። እኔ ይሻል ነበር።

እማማ ከኋላ፣ ሰሚው እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ፣ ስሙን መልሰው ለልጃቸው ጠሩላት። ልጅቷ አሁንም አለችው። እናትየው መለሱላት። እንዲህ እየተቀባበሉ መንገዱ ከወንዙ እስኪለይ ድረስ ሄድን። እኔ አልገባሁበትም፤ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ መንዳት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ዉድበሪ ስንደርስ ሊፍቱን አወረድኩ። እማማ ደክሟቸዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ግን አልተኙም። አንዷ ሠራተኛ መጥታ ወደ ውስጥ ወሰደቻቸው። ልጅቷ መቅረጫውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አጠገቤ ቆመች።

«የማክሰኞውን ጉዞ ሰርዘው» አለችኝ።

ሾፌር ነኝና መጠየቅ ነበረብኝ።

«የሐሙሱንስ?»

«የሐሙሱንም» አለች።